የሳሎናችን ምድጃ፤ የስድስት ወር ማስታወሻ

ባለፈው መስከረም ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ገዛን። በ1958 የተሠራ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ፎቅ የሌለው የጡብ ቤት ነው። ሳሎኑ ውስጥ እንጨት የሚነድበት ፋየርፕሌስ አለ። ቤቱን ልናይ የገባን ቀን ባለቤቴ ጣሪያውን ሲመረምር እኔ ምድጃው ፊት ቆሜ ቀረሁ።

ይሄን የምጽፈው እንደኛ አሮጌ ቤት ገዝታችሁ ተመሳሳይ ሥራ ለጀመራችሁ ነው። ባለሙያ አይደለሁም። የለካሁትን፣ የሞከርኩትንና የተሳሳትኩትን ነው የማካፍላችሁ።

ስንገባ ምድጃው እንዲህ ነበር። ቀዩ ጡብ በነጭ ቀለም ተለስኗል። ዙሪያውን ሁለት የእንጨት ቋሚዎች ታቅፈውታል፣ ከላይ ወፍራም የእንጨት መደርደሪያ ተቀምጧል። ጎንበስ ብዬ ከመደርደሪያው ሥር ሳይ እንጨቱ እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሯል። የቀለም ብልሽት መስሎኝ አለፍኩት። ሐሳቤ ሁሉ ከፒንተረስት የሰበሰብኳቸው ፎቶዎች ላይ ነበር። ነጭ እብነ በረድ፣ የተቀረጸ፣ ዳርና ዳሩ አበባ ያለው። መጀመሪያ የጠየቅኩትም የእብነ በረድ ዋጋ ነው።

እናቴ በጥቅምት ከአዲስ አበባ መጣች። ፎቶዎቹን አሳየኋት። ዝም ብላ አየቻቸውና «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፣ ልጄ። ጭሱ በየት ነው የሚወጣው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ የጭስ ማውጫ የሚጠርግና የሚመረምር ባለሙያ ጠራሁ። እዚህ አገር ቤት ሲሸጥ የጭስ ማውጫው ውስጥ በካሜራ እንዲታይ የእሳት ደህንነት መመዘኛው ይጠይቃል፤ ደረጃ ሁለት ምርመራ ይሉታል። እኛ ቤቱን ስንገዛ አላስደረግነውም። ባለሙያው ካሜራውን በረጅም ዘንግ ወደ ላይ ሰደደና ስክሪኑን ወደኔ አዞረው። የውስጡ የሸክላ ቱቦ ሁለት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ሙቀትና ጭስ ወደ ግድግዳው እንጨት ሊገባ ይችላል። ለእብነ በረድ ያስቀመጥነው ገንዘብ አብዛኛው ለብረት ቱቦ ሄደ። ስለ ክፈፍ፣ ማለትም በእሳቱ አፍ ዙሪያ ስለሚሆነው ድንጋይ ወይም እንጨት፣ ከማሰባችሁ በፊት ይሄን አስደርጉ። ለድንጋይ ከፍላችሁ ካበቃችሁ በኋላ ከሚመጣ ዜና አሁን መስማት ይሻላል።

ሁለተኛው ሥራዬ ሜትር መያዝ ነበር። በአብዛኛው አሜሪካ የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ፣ እንጨት ከእሳቱ አፍ ጠርዝ ቢያንስ 6 ኢንች (15 ሳንቲ ሜትር) እንዲርቅ ያዛል። ከዚያ እስከ 12 ኢንች ባለው ክልል ውስጥ ያለ እንጨት ደግሞ ወደ ፊት እንደልቡ መውጣት አይችልም። ከአፉ በራቀበት በእያንዳንዱ ኢንች አንድ ስምንተኛ ኢንች ብቻ ነው የሚፈቀድለት። 8 ኢንች ላይ የተሰቀለ መደርደሪያ ወደ ፊት 1 ኢንች ብቻ መውጣት ይችላል ማለት ነው። የኛው አሮጌ መደርደሪያ 8 ኢንች ላይ ሆኖ 7 ኢንች ወጥቷል። ያ ጥቁረት የቀለም ብልሽት አልነበረም። ቀስ እያለ ለዓመታት ሲጠበስ የኖረ እንጨት ነው።

ከፊት ያለው ወለልም አነሰ። የእሳቱ አፍ 36 በ28 ኢንች ነው፤ ስፋቱ ልክ 7 ስኩዌር ፊት ይሆናል። አፉ ከ6 ስኩዌር ፊት በታች ከሆነ ከፊቱ 16 ኢንች፣ በየጎኑ 8 ኢንች የማይቃጠል ወለል ይበቃል። 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 20 እና 12 ያስፈልጋል። የኛ ከፊት 16 ብቻ ነው፣ ቀጥሎ የእንጨት ወለል። ስለዚህ ክፈፉ ብቻ ሳይሆን ወለሉም መቀየር ነበረበት፤ 60 ኢንች ስፋት፣ 20 ኢንች ጥልቀት። የናንተ ካውንቲ የራሱ ጭማሪ ሊኖረው ስለሚችል ፈቃድ የሚሰጠውን ቢሮ ጠይቁ። እኔ ደውዬ ጠይቄ በአሥር ደቂቃ መልስ አግኝቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ነጩን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ልፍቀው ተነስቼ ነበር። ጎረቤታችን አየኝና አስቆመኝ። አሜሪካ ውስጥ እርሳስ (መርዛማው ብረት) ያለበት የቤት ቀለም የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ውስጥ የቆየ ቀለም መፋቅ አቧራውን ለልጆች ማብላት ነው። ናሙና ላቦራቶሪ ልኬ ከእንጨቱ ቋሚዎች ላይ እርሳስ ተገኘ። ጡቡ ላይ ያለው ነጻ ነበር። እንጨቱን ፈቃድ ያለው ሰው አነሳልን። እኔ ሳልፍቅ በመቅረቴ አሁንም አምላኬን አመሰግናለሁ፤ ትንሿ ልጄ ገና መዳህ መጀመሯ ነበር።

ከዚያ ነው ወደ ድንጋዩ የመጣሁት። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ብዙ የተማርኩት እዚህ ነው።

ድንጋይ ቤቶች ቁራጭ ናሙና በነጻ ይሰጣሉ። አምስት ይዤ መጣሁ። ነጭ እብነ በረድ፣ የኖራ ድንጋይ፣ ግራናይት፣ ስሌት የሚባለው በስስ ንጣፍ የሚሰነጠቅ ድንጋይና ሶፕስቶን። በመደብሩ መብራት ሁሉም ያምራሉ። እኔ ግን ቤታችን ውስጥ ምን እንደሚገጥማቸው አውቃለሁ። እናቴ ቡና የምታፈላው ምድጃው ፊት ነው። እሁድ እሁድ ሰው ይሰበሰባል፣ ፈንዲሻ ይበተናል፣ ስኒ ይደፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ሦስት ጠብታ አደረግኩ፤ ጥቁር ቡና፣ ሎሚ፣ የቀለጠ ንጥር ቅቤ። አንድ ቀን አሳደርኳቸውና በሳሙና አጠብኳቸው።

እብነ በረዱ ላይ ሎሚው የነካው ቦታ በደቂቃዎች ውስጥ ብርሃኑን አጣ። ቆሻሻ አይደለም፣ አይታጠብም። እብነ በረድም የኖራ ድንጋይም በአብዛኛው ካልሳይት ከሚባል ማዕድን ነው የተሠሩት፣ አሲድ ደግሞ ካልሳይትን ይበላል። ድንጋዩን በመብራት አጋድሜ ሳየው ሎሚው የጠብታውን ቅርጽ እንዳለ ቀርጾበታል። የኖራ ድንጋዩ ባሰ። ቡናውን ጠጣው፣ ቅቤውም ውስጡ ገብቶ ጥቁር ክብ ሆኖ ቀረ። ግራናይቱ ምንም አልሆነም። ስሌቱም ደህና ነበር። ጠርዙን በጥፍሬ ስጎትተው ግን እንደ መጽሐፍ ገጽ ስስ ንጣፍ ተነሳ። ጥሩ ስሌት እንዲህ አይልም ብለውኛል፣ እኔ የያዝኩት ግን ብሏል።

ሶፕስቶኑ ልቤን ወሰደው። ግራጫ፣ ትንሽ አረንጓዴ የሚመታ፣ ሲነኩት ልስልስ ያለ ድንጋይ ነው። ብዙው ታልክ ነው፤ የሕፃናት ፓውደር ይሠራበት የነበረው ማዕድን። አሲድ አይበላውም፣ ፈሳሽም አያስገባም። ቅቤው ያረፈበት ቦታ ጠቆር ብሎ ነበር፤ ድንጋዩን በሙሉ ማዕድን ዘይት ስቀባው ሁሉም እኩል ጠቁሮ ምልክቱ ጠፋ። ጉድለቱ ለስላሳነቱ ነው። ቁልፍ ይጭረዋል። ግን ጭረቱን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ዘይት ቀብቼ፣ የት እንደነበር ራሴም አጣሁት። ደግሞ ሙቀት ይይዛል። ቱቦው ከተቀየረ በኋላ ማታ እሳት አንድደን ቁራጩን አፉ አጠገብ አስቀመጥኩት። ፍሙ አመድ ለብሶ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ድንጋዩ ግን እጄ ውስጥ ገና ሙቅ ነበር። እናቴ ተቀበለችኝና ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ በኋላ ሌላ ድንጋይ አልጠየቅኩም።

የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ቤት እያሠራች ነው። ይሄን ስነግራት «የአምቦ ድንጋይ ባደርግስ?» አለችኝ። የአምቦ ድንጋይ የአሸዋ ድንጋይ ነው፣ ለግድግዳ በጣም የሚያምር። ለምድጃ ፊት ግን ቁራጩን አምጥታ ቅቤና ቡና ጠብ እንድታደርግበት መከርኳት። ዋጋው ሁለት ጠብታ ነው።

የተሳሳትኩት ማጣበቂያው ላይ ነው። የሲሚንቶ ሰሌዳ ላይ የቀረኝን ስሌት ለልምምድ ለጠፍኩ። በባልዲ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ማስቲክ ተጠቀምኩ፤ ማቡካት ስለሌለበት ቀለለኝ። ሰሌዳውን ለሦስት ማታ እሳቱ አጠገብ አቆምኩት። በሦስተኛው ሌሊት ቋ የሚል ድምፅ ሰምተን ተነሳን። አንዱ ድንጋይ ወድቋል፣ ሌላው ተንሸራቷል። ማስቲክ ሲሞቅ ይለሰልሳል። የሚያስፈልገው በውሃ የሚቦካው፣ ሲሚንቶ ያለበት ማጣበቂያ ነው። ባልዲው ላይ ለምድጃ እንደማይሆን በትንሽ ፊደል ተጽፏል፤ አላነበብኩትም። አፉን የተሸከመው ብረትም ሲሞቅ ይረዝማል። ስለዚህ ድንጋዩን ብረቱ ላይ አጥብቃችሁ አታጋጥሙ፣ ትንሽ ክፍተት ተዉለት። እሱን ያስተማረኝ የመንደራችን ግንበኛ ነው፣ የተሰነጠቁ ድንጋዮች ፎቶ እያሳየ።

ሶፕስቶኑን ከቨርጂኒያ አዘዝን። ኔልሰን ካውንቲ ውስጥ ስካይለር የምትባል ቦታ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይቆፈራል፣ ከኛ ቤት በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ ገደማ ነው። ክፈፉንና ወለሉን ለየብቻ፣ በተለያየ ወር ልናዝ ነበር፤ ገንዘቡ እንዲቀለን። ከዚያ አንድ ቅዳሜ እንግዳ ይዘን ዲሲ ሄድን። ዋሽንግተን ሞኒዩመንትን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! የዚያን ቀን ግን ድንጋዩን ነበር የማየው። ከሥሩ 46 ሜትር ገደማ ላይ ቀለሙ ይቀየራል። ግንባታው በ1854 ገንዘብ አልቆ ቆመ፣ በ1879 ሲቀጥል እብነ በረዱ ከሌላ ቦታ መጣ። ያ መስመር እስከ ዛሬ ከሩቅ ይታያል። ሰኞ ጠዋት ደውዬ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ግንድ ድንጋይ እንዲቆርጡልን አደረግኩ። ገንዘቡን በሁለት ወር ከፈልነው።

ስታይሉን የወሰነልን ካርቶን ነው። የፍሪጅ ካርቶን ቆርጬ፣ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ ሦስት ዓይነት ክፈፍ በልኩ ሠራሁ። ባለ ሁለት ዓምዱን፣ ከላይ ዘውድ ያለውን፣ ለአራት ቀን አየነው። ጣሪያችን 8 ጫማ ብቻ ነው። ዓምዶቹ ሳሎኑን አሳጠሩት፣ ሰው ሁሉ ሲገባ አንገቱን ዝቅ የሚያደርግ መሰለኝ። ሁለተኛው እስከ ጣሪያ በድንጋይ የተሞላው ነበር። እሱ ደግሞ ክፍሉን አጨለመው። ሦስተኛው ቀላሉ ነው፤ በአፉ ዙሪያ 6 ኢንች የሶፕስቶን ጥብጣብ፣ ከዚያ ውጭ ያለው ጡብ እንዳለ፣ ከላይ አንድ የኦክ መደርደሪያ። የ1958 ቤት እንዲህ ዓይነት ቀጥ ያለ መስመር ይወዳል። ባለቤቴ መጀመሪያ «ይሄማ ምንም አልተሠራም» ብሎ ነበር። በአምስተኛው ቀን ካርቶኑን ላነሳ ስል «ተዪው» አለኝ።

ከጡቡ ላይ ነጩን ቀለም በሚቀባ ማስለቀቂያ አነሳነው፣ ሳንፍቅ። ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። የቀረውን በኖራ ቀባነው። ኖራ ጡቡን እንደ ቀለም አያፍነውም፣ ያስተነፍሰዋል። ቀዩ በስሱ ከሥሩ ይታያል።

አሁን መጋቢት ላይ የደረስንበት እዚህ ነው። መደርደሪያው ከአሮጌ ጎተራ የወጣ ኦክ ነው፣ ከአፉ 14 ኢንች ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ቦታውን በውሃ ልክ አስተካክዬ በእርሳስ አስምሬያለሁ። ድንጋዩ ቅዳሜ ይመጣል። የወለሉ ሰሌዳ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ስላለው ብቻውን ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሦስት ወንድሞች ለመሸከም ቃል ገብተዋል።

እናቴ ወለሉ የሚያልቅበትን 20 ኢንች በነጭ ጠመኔ ለክታ መሬቱ ላይ አስምራለች። ባለፈው እሁድ ቄጠማውን ስትጎዘጉዝ አየኋት። መስመሩ ጋ ስትደርስ አቆመች፣ ተንበረከከች፣ አልፎ የሄደውን አንድ አንዱን ለቅማ ወደዚህ መለሰችው። ከዚያ ረከቦቱን አስቀመጠች።