የሂልደጋርድ ቋንቋ፦ ሰባተኛ ሳምንት

ይህን ቋንቋ ማጥናት ከጀመርኩ ሰባት ሳምንት ሞላኝ። እስካሁን የያዝኩት 140 ቃል ነው። ስጀምር በሁለት ወር ሙሉውን እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ግን አጠናኔ ተቀይሯልና ላካፍላችሁ።

ለአዲሶች፦ የቢንገኗ ሂልደጋርድ (እ.ኤ.አ. 1098–1179) ጀርመን ውስጥ በራይን ወንዝ ዳር የሴቶች ገዳም እመ ምኔት ነበረች። ራእይ ጽፋለች፣ ዜማ ደርሳለች፣ ስለ መድኃኒት ጽፋለች። በዚህ ላይ 23 ፊደላትና ከ1000 በላይ ቃላት ያሉት "ሊንጓ ኢግኖታ" የተባለ ቋንቋ ትታለች። "ያልታወቀ ቋንቋ" ማለት ነው። ቃላቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ስሞች ናቸው፤ ፍቺያቸው በላቲንና በጀርመንኛ ተሰጥቷል።

ስህተቴ ቃላቱን የጻፍኩባቸውን ካርዶች መበወዜ ነበር። በቀን 15 ቃል እያወጣሁ እሸመድዳለሁ። ብዙዎቹ በ"ዝ" ያልቃሉ፤ ማታ የያዝኩት ጠዋት ይምታታብኛል። የሂልደጋርድ የቃላት መዝገብ ግን በፊደል ተራ አይሄድም። "አይጎንዝ" ብሎ ከእግዚአብሔር ይጀምራል፣ ወደ መላእክት፣ ወደ ቅዱሳን፣ ወደ ሰው ይወርዳል፣ እያለ እያለ ትንንሽ በራሪ ነፍሳት ድረስ ይደርሳል። ያንን ተራ ነበር ያፈረስኩት።

በአራተኛው ሳምንት የዘመድ ስሞችን ጠረጴዛ ላይ በተራቸው ደረደርኳቸው። ፔቬሪዝ አባት፣ ማይዝ እናት። ቀጥሎ ሂልዝፔቬሪዝና ሂልዝማይዝ። እንጀራ አባትና እንጀራ እናት! "ሂልዝ" የኛን "እንጀራ" ሥራ ነው የሚሠራው። ደስ ብሎኝ ብድግ አልኩ። አንዷን ቁራጭ ስይዝ ሁለት ቃል ያዝኩ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ዜማው ላይ ነኝ። "ኦ ኦርዝኪስ ኤክሌሲያ" የሚለው የቤተ ክርስቲያን ውዳሴ በላቲን ነው፤ መሀሉ ላይ ግን አምስት የዚህ ቋንቋ ቃላት ገብተዋል። አንዱ "ሎይፎሉም" ነው። "ሎይፎል" ሕዝብ ነው፤ "ኡም" የሚለው ጅራት ግን ከላቲን የመጣ ነው፣ "የሕዝቦች" ለማለት። የቀሩትን አራቱን መዝገቡ ውስጥ ብፈልግ ብፈልግ የሉም። ስለዚህ የደረሰን ዝርዝር ሙሉው ቋንቋ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ቋንቋው የመነኮሳይያቱ ምስጢር መደበቂያ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ምስጢር የሚያወራ ሰው ግስ ያስፈልገዋል፤ ማን ሄደ፣ ማን መጣ ሳይባል ምን ይደበቃል? ደግሞስ ምስጢርን ማን ያዜመዋል? የሂልደጋርድ ጸሐፊ የነበረው መነኩሴ ፎልማር በደብዳቤው፣ እርሷ ስታልፍ "ያልተሰማው ዜማና ያልተሰማው ቋንቋ" ድምፅ የት ይገኛል ብሎ ይጠይቃል። ዜማውንና ቋንቋውን አንድ ላይ ነው የጠራቸው። ለኔ ይህ ከየትኛውም መላምት ይበልጣል።

ከሰኞ ጀምሮ ልብስና ወራትን ዘልዬ ዕፅዋት ውስጥ እገባለሁ። ስለ ዕፅዋት መድኃኒትነት በሰፊው የጻፈች ሴት እዚያ ጋ ቃል አትሰስትም። ካርዶቹን ቆርጬ ጨርሻለሁ፤ በዚህኛው ዙር አይበወዙም።