የቀድሞው ፎቶግራፍ

ሰሞኑን ያለ ምክንያት ይከፋኛል። ማታ መጽሐፍ ገልጬ አንዱን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ምንም አልገባ አለኝ። ዘግቼው ስልኬን አነሳሁ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስል መጨረሻዬ ጨረቃ ላይ ሆነ። ጨረቃዋ ራሷ ግን አትታይም፤ ሰማዩ ደመና ነው።

ለካ ዛሬም ትመታለች። መጋቢት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. አርባ ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ድንጋይ፣ ግማሽ ኩንታል እንኳ የማይሞላ ነገር፣ በሰዓት 90,000 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት መጥቶ ማሬ ኢምብሪየም በሚባለው ጠቆር ያለ ሜዳ ላይ ወደቀ። በዚያች ቅጽበት ወደ እሷ ያንጋጠጠ ሰው ያለ ምንም መሣሪያ ብልጭታውን ማየት ይችል ነበር። እሳት አይደለም፤ እዚያ እሳት የሚነድበት አየር የለም። በግጭቱ ሙቀት ቀልጦ የጋለው ድንጋይ ነው ያበራው። የቀረው ጉድጓድ 18 ሜትር ወርድ አለው።

በእኛ አቆጣጠር ለጠዋቱ አንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። የዐቢይ ጾም ሁለተኛ እሑድ፣ ቅድስት ነበረች። ጨረቃዋ ያን ጊዜ ለአሜሪካኖች እንጂ ለእኛ አልወጣችም። ስለዚህ አመለጠኝ ብዬ ልቆጭ አልችልም፤ ለመቆጨት ግን ዝግጁ ነበርኩ።

የያዘኝ ጉድጓዱ አይደለም፤ አዲስ መሆኑ የታወቀበት መንገድ ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጨረቃን የምትዞር የናሳ መንኮራኩር አለች። ተመራማሪዎቹ እሷ ያነሳቻቸውን ምስሎች፣ የቀድሞውንና የኋላውን፣ ጎን ለጎን እያስቀመጡ ያነጻጽራሉ። ከ14,000 በላይ ጥንድ አይተው 222 አዲስ ጉድጓድ አገኙ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉት። የቀድሞው ምስል ከሌለ በዚያ ሁሉ ጠባሳ መሀል የትኛው የትናንት፣ የትኛው የጥንት እንደሆነ ማን ይለየዋል? ደግሞ ሁለቱ ምስሎች ሲነሱ የፀሐይዋ አቅጣጫ ተቀራራቢ መሆን አለበት። አለበለዚያ ጥላው ያሳስታል፤ ያልነበረ ጉድጓድ ያስቆጥራል፤ ያለውን ይሸሽጋል።

እህቴ ባለፈው «አንተ ድሮ እንዲህ አልነበርክም» ያለችኝ እዚህ ላይ መጣብኝ። ድሮ የምትለው መቼ ነው? በየትኛው ብርሃን ያየችኝን ነው ከአሁኑ ጋር የምታስተያየው? የዚያን ጊዜው እኔ በጠዋት ፀሐይ የታየ፣ የአሁኑ ደግሞ ሥራ አድክሞት ማታ የመጣው ከሆነ፣ ይህ ፍርድ ነው? ሳይንቲስት ብትሆን ጥንዱን ትጥለው ነበር። ግን ደግሞ፣ ይህ ነው የሚያናድደኝ፣ የቀድሞው ምስል ያለው እሷ ዘንድ ብቻ ነው። እናታችን ካለፈች ወዲህ ሌላ ምስክር የለኝም። እኔ ራሴን ከውስጥ ነው የማየው፤ ከውስጥ ሲታይ ሁሉም ጠባሳ ጥንታዊ ይመስላል።

እዚያም ቢሆን ዘላለም የሚቀመጥ ነገር የለም። ያው ጥናት እንደሚለው የጨረቃ አፈር የላይኛው ሁለት ሴንቲ ሜትር በ81,000 ዓመት ውስጥ ይገለባበጣል፤ ቀድሞ ከታሰበው ከመቶ እጥፍ በላይ ይፈጥናል። የእነ አርምስትሮንግ ዱካም ከዚህ አያመልጥም።

እኔስ ለምን የራሴን ማስረጃ አላቀርብም ብዬ የድሮ ፎቶግራፎቼን መበርበር ጀመርኩ። የ2005 መጋቢትን ፈለግሁ፤ ሌላ ቀን አልመጣልኝም። ከዚያ ወር የተረፈው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። የበያይነቱ ትሪ ነው፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ በዳር በኩል ደግሞ የማን እንደሆነ ያላወቅሁት እጅ። እኔ የለሁበትም።

ወይስ እጁ የእኔ ይሆን?