የኦሞው አረፋ

ሰውየው ደብል ጋቢና ሃይሉክሱን ይዞ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። 2.5 ናፍጣ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር ያለው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 120 የፈረስ ጉልበት የነበረው። ሥራው ከጎጃም ማር ማመላለስ ነው።

«ዓባይ በረሃ ላይ ሲኖ እንኳን እየቀደመኝ ነው» አለኝ። «80,000 ብር አለኝ። በዚህች ጉልበት ጨምርልኝ።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ዘይትና ፍሬን ሸራ ሲቀይር ለሚውል ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ሠርግ ነው። ኮምፒውተር ሰክቼ አየሁት፤ ምንም ስህተት አላሳየም። ወረቀት አውጥቼ እቅድ ጻፍኩ። መጀመሪያ ቺፕ የምትባለው ጉልበት መጨመሪያ ሳጥን፣ ከዚያ ሰፋ ያለ ማርሚታ፣ ብር ከተረፈ ደግሞ ከሶማሌ ተራ ትልቅ ኢንተርኩለር።

ዋናው መካኒካችን አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወረቀቱን አነበቡት።

«አየሩን አየኸው?»

«ፊልትሮው አዲስ ነው ጋሼ።»

«ስለ ፊልትሮ መች ጠየቅኩህ?» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ልጠይቃቸው ይገባ ነበር። ደንበኛው ግን ቸኩሏል፣ እኔም ቸኩያለሁ። ቺፗን ገጠምኳት።

የዚህች ሳጥን ብልሃት ቀላል ነው። የናፍጣውን ግፊት ከሚለካው ሴንሰር ጋር ትገናኝና ግፊቱን ለኮምፒውተሩ ዝቅ አድርጋ ትነግረዋለች። እሱም ተታሎ ግፊቱን ይጨምራል፤ ኢንጀክተሮቹ ብዙ ናፍጣ ይረጫሉ። ናፍጣው ሲበዛ አየሩም አብሮ መብዛት አለበት። ካልሆነ ትርፉ ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው። ይህንን አውቃለሁ። ለፈተናም አጥንቼዋለሁ። ቀለበት መንገድ ላይ ባዶውን ስንሞክረው ግን መኪናው ፈነጠዘ፣ እኛም አብረን ፈነጠዝን።

በአራተኛው ቀን ተጎትቶ መጣ። ማሩን ጭኖ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም። ፍሪሲዮኑ ነዶ ሽታው ጋቢና ውስጥ ቀርቷል። የኋላው መከላከያ በጥላሸት ጠቁሯል።

ጋሼ አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የውሃ ቱቦ ክዳን አመጡ፤ መሀሉ ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቫልቭ ተክለውበታል። እሱን አየር ወደ ሞተሩ በሚገፋው ቱርቦ መግቢያ ላይ አስረው ከኮምፕሬሰሩ አንድ ባር የማይሞላ ንፋስ ለቀቁ። ኦሞ በውሃ በጥብጠው ወደ ኢንተርኩለሩ በሚሄደው የጎማ ቱቦ፣ በማኒኮቶው ላይ በስፖንጅ አፈሰሱ። ቱቦውን በሚያስረው ፋሼታ ሥር አረፋ መፍላት ጀመረ። የጥፍር ያህል ስንጥቅ ናት። ሞተሩ ቆሞ ወይም ሳይጫን ሲሠራ ትገጥማለች፣ ማንም አያያትም። ቱርቦው ሲገፋ ግን እንደ አፍ ትከፈታለች።

ከሁሉም ያሳፈረኝ ሌላ ነው። እዚያው ቦታ ላይ ሰኞ ዕለት ጥቁር የዘይት ላብ አይቼ ነበር። ሥራዬ ንጹሕ እንዲመስል በጨርቅ ጠረግኩት።

ለነገሩ እኛ አገር ይህ ማኒኮቶ ሥራው ከባድ ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦው ያንን ለማካካስ አብዝቶ ይሽከረከራል። ቀዳዳ ካለ ደግሞ ይደክማል እንጂ አይሞላም።

ጋሼ በዚህም አላበቁም። ጎማውን በጫማቸው መታ አደረጉና «ይሄ የራሱ ነው?» አሉት ደንበኛውን።

«አይ፣ ለግርማ ሞገስ ነው ያስቀየርኩት» አለ ፈገግ ብሎ።

የጎማው ቁጥር 265/70 የነበረው 285/75 ሆኗል፤ ቸርኬው ያው 16 ነው። ቁመቱ ከ78 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ 83 ወጥቷል። 7 በመቶ ማለት ነው። የፍጥነት ሰዓቱ 100 ሲል መኪናው 107 እየሄደ ነው። ሁሉም ማርሽ በዚያው ልክ ከብዷል፣ ዳገት ላይ ሦስተኛው ወደ አራተኛው የተጠጋ ያህል ነው። ሰውየው በቺፕ ሊገዛ የመጣውን ጉልበት በጎማ ሲበትን ከርሟል፣ እኔም ዙሪያውን ስዞር ውዬ ጎማ አላየሁም።

እቅዱ እንደገና ተጻፈ፣ በጋሼ እጅ። ማኒኮቶ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ፍሪሲዮን፣ መጋዘን የተቀመጠው የድሮ ጎማ ይመለስ። ቺፗ ትውጣ። ማርሚታና ኢንተርኩለር የሚሉት ተሰረዙ። የፍሪሲዮኑን ዋጋ ግማሽ ሰውየው ቻለ፣ ግማሹ ከደመወዜ በሁለት ወር ተቆረጠ።

ከሳምንት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ከጎሃ ጽዮን ነው።

«በሦስተኛ ወጣሁት!» አለ። «ስንት ኩንታል ጭኜ መሰለህ?»

ስለ ግማሹ ብር አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። ለጋሼ ስነግራቸው የሌላ መኪና ሆድ ሥር ተኝተው ነበር። «ጭሱስ?» ብቻ አሉኝ። አለመጠየቄ ትዝ ሲለኝ መልሼ ደወልኩ።