ምኩራብ ፍለጋ በፕራግ

ከፍራንክፈርት የተነሳሁበት የሌሊት አውቶቡስ ለእንቅልፍ የሚሆን አልነበረም። ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ወንበሩን እስከ ጉልበቴ አስተኝቶ እያንኮራፋ አደረ። ዓርብ ማለዳ ፕራግ ስወርድ የመጀመሪያ ሥራዬ ዩሮ መመንዘር ነበር፤ ተናድጄ የዋልሁትም በእሱ ነው። መስኮቱ ላይ «ኮሚሽን የለም» ብለው በትልቁ ጽፈዋል፤ ለ100 ዩሮ የሰጡኝ ግን 1,700 ኮሩና ብቻ ነው። ባንክ ቢሆን ከ2,400 በላይ ይሰጠኝ ነበር። ከኋላዬ ተሰልፋ የነበረች ተማሪ ደረሰኜን አየችና የአገሪቱ ሕግ ምንዛሪውን በሦስት ሰዓት ውስጥ ለመሰረዝ እንደሚፈቅድ ነገረችኝ። ነግራኝም አልሄደችም። አብራኝ ተመልሳ በቼክኛ ተከራክራ ገንዘቤን አስመለሰችልኝ። ቡና ልጋብዝሽ ብላት ክፍል ረፍዶብኛል ብላ ሮጠች። እግዚአብሔር ይስጣት።

የመጣሁት ምኩራቦችን ለመመዝገብ ነው። ዌይማርኪንግ በሚባለው የትርፍ ጊዜ ሥራ አንድ ሰው ቦታው ድረስ ይሄዳል፣ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን በጂፒኤስ ይለካል፣ ራሱ ካነሳው ፎቶና ከአጭር ታሪክ ጋር ለሌሎች ያካፍላል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ በደንብ የሚሠራው ግን ጥቂት ነው። ቤቱ አንድ ቦታ ሆኖ ነጥቡን ትኬት መሸጫው ላይ የሚያስቀምጡ አሉ። ይህ ያበሳጨኛል። ሰዎች ለዘመናት የጸለዩበት ቤት ትክክለኛ ቦታው ሊጻፍለት ይገባል።

ከዋናው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳልርቅ በኢየሩሳሌም መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራውን ምኩራብ አገኘሁ። ፊቱ በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ቀለም ያጌጠ ነው። ያንን መዝግቤ በቀጥታ ወደ ዮሴፎቭ፣ ወደ ጥንቱ የአይሁድ ሰፈር ሄድሁ። አሮጌ አዲስ የሚባለው ምኩራብ እ.ኤ.አ. በ1270 ገደማ የተሠራ ሲሆን በአውሮፓ እስከ ዛሬ ጸሎት ከሚደረግባቸው ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። ወደ ውስጥ የሚገባው ደረጃ ወርዶ ነው፤ ወለሉ ከመንገዱ ዝቅ ይላል። ሴቶች የሚጸልዩት ከጎን ባለው ክፍል ሆነው በግድግዳው ጠባብ መስኮቶች እያዩ ነው። የመግቢያው ዋጋ ርካሽ አይደለም፤ ግን አልቆጨኝም። ሰንበት ሊገባ ሲል ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ሙዚየሞቹ ዝግ ስለሆኑ በሜትሮ ወደ ፓልሞቭካ ሄድሁ። እዚያ በትራሙ ሐዲድና በአውቶቡስ ማቆሚያው መካከል እ.ኤ.አ. በ1858 የተሠራው የሊበን ምኩራብ ቆሟል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቲያትር ቤት ዕቃ ማከማቻ ሆኖ ነበር፤ ዛሬ ኤግዚቢሽንና ኮንሰርት ይቀርብበታል። በሩ ተቆልፎ ነበር። ዮሴፎቭን የሚያጨናንቀው ጎብኚ እዚህ አንድም የለም፤ አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ እንኳ አያየውም። ለእኔ የጉዞው ዋና ነገር ይህ ቤት ነው። ዙሪያውን እየተመላለስሁ አራቱንም ማዕዘን ፎቶ አነሳሁ፣ ታሪኩንም ከሌሎቹ ሁሉ አስረዝሜ ጻፍሁለት። ዝነኛው ምኩራብ ጻፊ አያጣም።

እሑድ ፒንካስ ምኩራብ ገባሁ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስም ነው፦ በናዚዎች የተገደሉ ወደ 80,000 የሚጠጉ የቦሄሚያና የሞራቪያ አይሁዶች ስም። የቤተሰቡ ስም በቀይ ተጽፎ፣ የእያንዳንዱ ሰው ስም ከነልደት ቀኑ ይከተላል። እ.ኤ.አ. ከ1968 በኋላ ሕንፃው በእርጥበት ተጎድቶ ለብዙ ዓመታት ተዘጋ፤ ስሞቹም እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 ባለው ጊዜ በእጅ እንደገና ተጻፉ። አንዱን ቤተሰብ ከአባት እስከ ሕፃን አንብቤ ሁለተኛውን መጨረስ አቃተኝ። እዚያ ውስጥ ፎቶ አላነሳሁም፤ የውጭውን በር ብቻ አነሳሁ።

ከዚያ ወጥቶ ፓሪዝስካ መንገድ ላይ መቆም ከባድ ነው። ውድ የእጅ ቦርሳ የሚሸጥባቸው እነዚያ መደብሮች የቆሙት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከተማው የአይሁዱን ሰፈር አፍርሶ ባጸዳው መሬት ላይ ነው። የቀሩት ስድስት ምኩራቦች፣ የመቃብሩ ቦታና የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ናቸው። እኔ ያደግሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ በስልክ ከተላከልኝ ቪዲዮ ነው ያየሁት። የቤታችንን በር ቦታ በትክክል የሚያሳይ አንድ ነጥብ እንኳ የለኝም። ፓሪዝስካ ላይ ከቤት ቤት እየቆምሁ ስለካ አላፊዎች ቢገረሙም አልተውሁትም።

ሰኞ በባቡር ወደ ፒልዘን እሄዳለሁ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1893 የተጠናቀቀው ታላቁ ምኩራብ በአውሮፓ ካሉት ግዙፎች አንዱ ነው። አንድ ሰው ያስቀመጠለት ነጥብ መንገድ ተሻግሮ ሌላ ሕንፃ ላይ ስላረፈ መጀመሪያ እሱን አስተካክላለሁ።