ቃለ ጉባኤ ያበላሸው መዳፍ

የግዢ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ክረምት ለወንበር ግዢ ሦስት ተጫራቾች ቀርበው ነበር። ሰብሳቢያችን ጋሼ ያስጽፋሉ፣ እኔ ላፕቶፔ ላይ እከተላለሁ። ዓይኔ እሳቸው ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ አይደለም። በዚህ ችሎታዬ ትንሽ እኮራ ነበር፣ አልዋሽም።

አትሜ ለፊርማ አዞርኩ። ሁለቱ ፈረሙ። የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ግን እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ አንደኛውን ተጫራች መቼ ነው የጣልነው?» አሉኝ።

ክው አልኩ። «ናሙናው ጥራቱን ስላላሟላ ከውድድር ውጭ ሆኗል» የተባለው ለሦስተኛው ነበር። ስለ አንደኛው ተጫራች የሚያወራው አንቀጽ መሃል ገብቶ ቁጭ ብሏል። ያውም «ያቀረበው» የሚለውን ቃል ለሁለት ሰንጥቆ።

እኔ ቫይረስ ነው አልኩ። ጋሼ የአማርኛ መጻፊያውን ፕሮግራም፣ ፓወር ግዕዝን ከሰሱ።

የአይቲው ልጅ መጣና ላፕቶፑን ሳይነካ፣ «እስቲ ዝም ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ጎንበስ ብሎ እጄን ያያል። ሦስተኛው መስመር ላይ፣ «ያዝኩሽ!» አለ። ለካ ከአውራ ጣቴ ሥር ያለው ሥጋ ታችፓዱን፣ ከቁልፎቹ በታች ያለውን በጣት የሚነካውን ሰሌዳ፣ ነካ ያደርገዋል። ታችፓዱ ደግሞ ክሊክ መስሎት ከርሰሩን፣ ማለትም ፊደል የሚገባበትን ብልጭ ድርግም የሚል መስመር፣ የማውዙ ቀስት ወደቆመበት ይወስደዋል። እኔ ሳላይ መጻፌን እቀጥላለሁ።

ዊንዶውስ 11 ነው። ሴቲንግስ፣ ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ታችፓድ ውስጥ ገባ። «ታፕስ» የሚለው ሥር ሴንሲቲቪቲውን (ለንክኪ ያለውን ስሜት) ሎው፣ ዝቅተኛ አደረገው። እንዲህ ሲሆን ቁልፍ ከተመታ በኋላ ወዲያው የሚመጣን ንክኪ ችላ ይላል። በአንድ ጣት ነካ ማድረግ ክሊክ የሚሆንበትንም ምልክት አነሳው። አሁን ክሊክ የምፈልግ ከሆነ ታችፓዱን ጫን ማድረግ አለብኝ። ማውዝ ሲሰካም ታችፓዱ እንዲጠፋ አደረገልኝ።

ቃለ ጉባኤውን አስተካክዬ እንደገና አተምኩ። የፈረሙት ሁለቱም እያጉረመረሙ ደግመው ፈረሙ።

ከሳምንት በኋላ የማውዜ ባትሪ አለቀ። ታችፓዱም ዝም! በዝናብ ባትሪ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። በስብሼ ስመለስ ልጁ ከላፕቶፑ ጎን የተሰካችውን የማውዙን ትንሽ መቀበያ ነቀላት። ታችፓዱ ወዲያው ሠራ። ለካ እሷ እስከተሰካች ድረስ፣ ባትሪ ይኑረው አይኑረው፣ ላፕቶፑ ማውዝ አለ ብሎ ነው የሚያምነው።