አንድ ሰው፣ አንድ ካርድ፦ ከእማዬ ጋር በለንደን ባቡርና አውቶቡስ

ሰኔ 2017 ላይ ነው፤ እማዬን ይዤ ለንደን፣ ሂትሮው አየር ማረፊያ ደረስኩ። እህቴ ቀድማ መልእክት ልካልኛለች። «ትኬት ለመግዛት እንዳትሰለፊ። የባንክ ካርድሽን በሩ ላይ አስነክተሽ ግቢ። ስትወጪም አስነኪ። በቃ።»

ካርዱን ለዚሁ ጉዞ ብዬ ነው ከባንክ ያወጣሁት። ጥግ ላይ የተጠማዘዙ መስመሮች ያሉበት፣ ማሽን ውስጥ ሳይገባ በመነካት ብቻ የሚከፍል ካርድ ነው። የምድር ውስጥ ባቡሩ መግቢያ ላይ ክብ ቢጫ ማንበቢያ አለ። አስነካሁት። ጢጥ አለና በሩ ተከፈተ። እንደ ልማዴ እማዬን ከነሻንጣዋ አስቀደምኩ። ከዚያ ለራሴ ደግሜ አስነካሁ። ቀይ መብራት በራ። እማዬ ወዲያ ማዶ፣ እኔ ወዲህ ማዶ ቀረን።

አንዲት ሠራተኛ መጣች። ነገሩን በትዕግሥት አስረዳችኝ። ካርዱ አንዴ ከገባ የገባው አንድ ሰው ነው። ያው ካርድ ሳይወጣ ሌላ ሰው ማስገባት አይችልም። እማዬን በሰፊው በር መለሰቻት። ለእማዬ ማሽኑ ላይ ኦይስተር ካርድ ገዛሁ፤ ገንዘብ እየተሞላበት ለለንደን ባቡርና አውቶቡስ የሚከፈልበት ካርድ ነው። ለካርዱ ለራሱ 7 ፓውንድ ተከፈለ፤ ይህ አይመለስም። 20 ፓውንድ ሞላሁበት። የእኔ ካርድ አስቀድሞ ስለገባ ሠራተኛዋ በሩን ከፍታ አሳለፈችኝ።

እማዬ ግን ነገሩ አልተዋጠላትም። «ለእናትሽ መክፈል አይቻልም ማለት ነው?» አለችኝ ባቡሩ ውስጥ።

ጥያቄዋ ገባኝ። እኛ አገር ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሂሳብ» ሲል ሁሉም ወደ ኪሱ ነው የሚሮጠው። ጎረቤትሽን ካገኘሽማ ከፍለሽ ካልወረድሽ ያሳፍራል። «እኔ አለሁ፣ አንቺ ተይ» እየተባባሉ መጓተት ራሱ ሰላምታ ነው። እዚህ ደግሞ ማሽኑ የሚያውቀው አንድን መንገደኛ ብቻ ነው። የት ገባ? የት ወጣ? ዋጋው የሚወጣው ከዚያ ነው፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ የለውም።

ለቤተሰብ ተጓዦች አንድ ነገር ልጨምር። ከ11 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አውቶቡስ ላይ በነፃ ነው የሚሄዱት። ባቡሩም ላይ ከፋይ አዋቂ አብሯቸው ካለ እስከ አራት ልጅ በነፃ ይገባል። ከ11 እስከ 15 ላሉት ደግሞ ኦይስተር ገዝታችሁ ጣቢያው ላይ ሠራተኛ ብትጠይቁ፣ ለእንግዳ ልጆች የሚሰጠውን ቅናሽ ይጭኑላችኋል። ለ14 ቀን ያገለግላል።

እህቴ የምትኖረው ፊንስበሪ ፓርክ ነው። ከሂትሮው በፒካዲሊ መስመር ሳይቀይሩ ይደረሳል። ረጅም ነው፣ ግን ያኔ 5.80 ፓውንድ ብቻ ነበር። ኤልሳቤጥ በሚባለው ሌላው የባቡር መስመር ወደ መሀል ከተማ ብንገባ 13.90 ነበር። ሂትሮው ኤክስፕረስ የሚባለው ፈጣኑ ባቡር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ሦስቱም ጋ ያው ካርድ በሩን ይከፍታል። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ካርዱ አይጠይቅም፣ አያስጠነቅቅም፤ የመረጣችሁትን ያስከፍላል። ስለዚህ ከአየር ማረፊያ ስትወጡ የትኛው ባቡር እንደሆነ ሰሌዳውን አንብባችሁ ግቡ።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ኦይስተሯን የት እንዳስቀመጠች ጠየቅኳት። የነጠላዋን ጫፍ አሳየችኝ። እንደ ብር ቋጥራዋለች። «አውጪው፣ በሩ ጋ እንዳንቸገር» ብላት እንቢ አለች። ጣቢያው ስንደርስ ቋጠሮውን እንዳለ ቢጫው ክብ ላይ አሳረፈችው። ጢጥ! በሩ ተከፈተ። ከኋላችን የነበረ ሰው ፈገግ አለ። ካርዱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕ የምትነጋገረው በሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ጨርቅ አያግዳትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማዬ ለንደንን የዞረችው በነጠላዋ ጫፍ ነው።

ያን ቀን ብዙ ዞርን። ጠዋት ወደ ሳውዝ ኬንሲንግተን ሄድን። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ያለውን፣ ከመቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. የተወሰደውን የወርቅ ዘውድ ለማየት ነው። እማዬ ፊቱ ቆማ ምንም አላለችም። ብዙ ቆየን። ከዚያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር፣ ከዚያ ከኪንግስ ክሮስ በ91 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ካሌዶኒያን ሮድ ወጣን። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት መንገድ ነው። ሽሮ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ቀስ እያልን በእግራችን ወደ ኪንግስ ክሮስ ወረድን። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ በባቡር ቤት ገባን።

ማታ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። የጠዋቱ ባቡር የሥራ መግቢያ ሰዓት ስለነበር 3.50። አውቶቡሱ 1.75። መሀል ከተማ ውስጥ የሄድንበት ባቡር 2.80። ሁለተኛው አውቶቡስ 1.75። የመልሱ ባቡር 2.90። ድምሩ 12.70 ፓውንድ ይመጣል። በነጋታው ከባንኬ የመጣው መልእክት ግን 8.90 ይላል፤ በአንድ ክፍያ። የእማዬም ኦይስተር ከ14.20 ወደ 5.30 ወርዷል። ያው 8.90 ማለት ነው።

ለእኔ የዚህ አሠራር ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ዋጋው የቀን ጣሪያ አለው። በመሀል ከተማውና በዙሪያው ባለው ቀጠና፣ ማለትም በዞን 1 እና 2፣ በዚያ ዓመት ጣሪያው 8.90 ነበር። እሱን ካለፋችሁ ቀሪው ጉዞ በነፃ ነው። አውቶቡስ ብቻ ለሚጠቀም 5.25 ነበር። ከሰኞ እስከ እሁድ የሚቆጠር ሳምንታዊ ጣሪያም አለ። አውቶቡስ ላይ መጀመሪያ ካስነካችሁ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ የፈለጋችሁትን ያህል አውቶቡስ ብትቀይሩ የምትከፍሉት አንዴ ነው።

ድሮ እንግዳ ሰው የሚጎዳው ባለማወቁ ነበር። የአገሩ ሰው የትኛው ትኬት እንደሚያዋጣ ያውቃል። እንግዳው ማሽኑ ፊት ቆሞ ይደናበርና ውዱን ይገዛል። አሁን ሂሳቡን ከጀርባ የሚሠራው ኮምፒውተር ነው። ትናንት የመጣችው እማዬና 20 ዓመት የኖረው ለንደናዊ በአንድ ቀን ያንኑ መንገድ ቢሄዱ እኩል ይከፍላሉ። ይህ ደስ ይለኛል። እንግዳ ማክበር ማለት እንዲህም ነው።

እንዴት እንደሚሠራም እህቴ ነገረችኝ። በሩ ላይ ያለው ማንበቢያ ከባንካችሁ ጋር እየተደዋወለ አይደለም፤ ጊዜ የለውም። ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ካርዱ ትክክለኛ መሆኑንና የታገዱት ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩን ብቻ ያጣራል። የገባችሁበትና የወጣችሁበት ጣቢያ ይመዘገባል። የለንደን የትራንስፖርት ቀን የሚዘጋው ከሌሊቱ 10፡30 ገደማ ነው። ያኔ የቀኑ ጉዞ ሁሉ ተደምሮ አንድ ሂሳብ ይሆናል። ለእኛ ይህ ጠቃሚ ነው። ባንኩ በውጭ ክፍያ ላይ ኮሚሽን ቢቆርጥ እንኳ በየጉዞው ሳይሆን በቀን አንዴ ነው።

በሦስተኛው ቀን ግን ጥፋት አጠፋሁ። እህቴ «ለክፉ ቀን» ብላ ሁለተኛ ካርዷን ሰጥታኝ ነበር። ሁለቱንም አንድ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ቦርሳውን እንዳለ ማስነካት ጀመርኩ። ስገባ የእኔን ካርድ አነበበ፣ ስወጣ የእሷን። ማሽኑ ዘንድ ይህ ሁለት ሰው ነው። አንዱ ገብቶ ያልወጣ፣ ሌላው ሳይገባ የወጣ። ሁለቱም ካርዶች ላይ ከፍተኛው ዋጋ ተቆረጠ። እህቴ በኢንተርኔት ገብታ አመለከተች፣ ገንዘቡም ተመለሰ። ስለዚህ አደራ፣ ካርዳችሁን ከቦርሳ አውጡት። ጠዋት በያዛችሁት ካርድ ማታ ጨርሱ። በስልክ የምትከፍሉ ከሆነም ቀኑን ሙሉ በስልክ ክፈሉ። ስልኩና ካርዱ ከአንድ ሂሳብ ቢቆርጡም ማሽኑ እንደ ሁለት ሰው ነው የሚያያቸው። ባቡር ላይ ስትገቡም ስትወጡም አስነኩ። አውቶቡስ ላይ ግን ስትገቡ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። አንድ ሽማግሌ አውቶቡስ ላይ ወጡ፤ በእጃቸው ሳንቲም ይዘዋል። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። የለንደን አውቶቡስ ከሐምሌ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። ሽማግሌው ሳንቲማቸውን እያዩ ወረዱ። እማዬ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «በእኔ ይግቡ» ብላ ነጠላዋን ይዛ ተነሳች። በሩ ተዘግቶ ነበር። ከሰፈር ሱቅ ኦይስተር ገዝቶ በጥሬ ገንዘብ ማስሞላት ይቻላል። ግን ዝናብ እየዘነበ፣ አውቶቡሱ ፊቱ ቆሞ፣ ሱቅ ፈልግ የተባለ ሰው ምን ይሰማዋል?

አዲስ አበባ በገባን በሳምንታችን ከእማዬ ጋር ወደ መገናኛ ታክሲ ያዝን። ረዳቱ በጣቶቹ መሀል ብር አጣጥፎ «ከኋላ ሂሳብ» አለ። ወደ ቦርሳዬ እጄን ስሰድ እማዬ ቀደመችኝ። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ሰማያዊው ኦይስተር አሁንም እዚያው ነው። ከሥሩ ብር አወጣችና ለረዳቱ ዘረጋችለት።

«የሁለት ሰው ውሰድ፣ የኔ ልጅ።»