«ሌ» እና «ሊያ»

ሐምሌ 13 ቀን 2014 የማታ ፈረቃው የእኔ ነበር። ከጎዴ የሚጽፍልን ባልደረባችን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አራት መስመር ላከልኝ። አልሸባብ አቶ እና ዪድ ላይ ጥቃት ከፍቷል። የሶማሌ ክልል ልዩ ኃይል እየተዋጋ ነው። የተወሰኑት ታጣቂዎች ወደ አፍዴር ዞን ሳይገቡ አልቀሩም። ኔትወርክ ሊጠፋብኝ ይችላል።

ዜናውን ጽፌ ለአራሚ ሰጠሁ። ተመልሶ ሲመጣ «አቶ» የሚለው ቃል ተሰምሮበታል። «አቶ ማን? ስም ቀርቷል» ይላል ማስታወሻው። አልፈርድባትም። አቶ የከተማ ስም መሆኑን እኔም ያወቅኩት ያን ማታ ነው። ካርታ ከፍቼ ስፈልግ ባኮል በሚባለው የሶማሊያ ግዛት ውስጥ፣ ድንበራችን ጥግ ላይ አገኘኋት። ዪድም እዚያው ናት። ልዩ ኃይሉ ከድንበሩ ማዶ ካምፕ እንዳለው ሳላውቅ ስንት ዓመት የድንበር ዜና ስሠራ ኖሬያለሁ። «የድንበር ከተማዋ አቶ» ብዬ አስተካከልኩት።

የእኔ ርዕስ «አልሸባብ በልዩ ኃይሉ ካምፖች ላይ ጥቃት ሰነዘረ» የሚል ነበር። የፈረቃው ኃላፊ አየውና «አልሸባብ የሚለውን ሰው ለምዶታል፤ አይከፍተውም» አለ። ቀየረው። «የሶማሌ ታጣቂዎች ድንበር ጥሰው ገቡ» ሆነ። እኔ አነበብኩት። ሆዴን የሆነ ነገር ቆረጥ አደረገው። ግን ሰዓቱ ሄዷል፣ ሌሎች ገጾች ቀድመውን ለጥፈዋል። ለጠፍኩት።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የጎዴው ባልደረባችን ነው። ይህ ሰው ሲደውል ሁልጊዜ «አባዮ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እህቴ ማለቱ ነው። ከዚያ እናቴን ይጠይቃል፣ ልጆቹን ይጠይቃል፣ ዝናቡን ይጠይቃል። ወደ ሥራው የሚገባው ሰላምታውን ጠግቦ ነው። ያን ሌሊት ግን ቀጥታ ገባ።

«ርዕሱን ማን ነው የጻፈው?»

«ምን ሆነ?»

«የሶማሌ ታጣቂ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ከሶማሊያ የመጡ ለማለት ነዋ።»

«ሶማሊያ ለማለት ሶማሊያ ይባላል። እኔ ሶማሌ ነኝ። የምኖረው ሶማሌ ክልል ነው። ዛሬ ዪድ ላይ የሞተው ልጅም ሶማሌ ነው። መታወቂያው ላይ ኢትዮጵያ ይላል። እናንተ ገዳዩን በእሱ ስም ጠራችሁት።»

እዚህ ላይ የመለስኩት መልስ እስካሁን ያንገበግበኛል። «ርዕሱን የቀየረው ሌላ ሰው ነው» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «ስትለጥፊው አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

ሌላ ምንም አላለም። በስልኩ ውስጥ ከጀርባው ድምፅ ይሰማኛል። አንድ ሰው ቁርዓን ይቀራል። ራቅ ብሎ ሴቶች ያለቅሳሉ። የት እንደሆነ ጠየቅኩት። ለቅሶ ቤት ነው። የአክስቱ ልጅ ዪድ ካምፕ ውስጥ ነበር። ርዕሱን ያየውም እዚያው ነው። ስልክ የያዘ አንድ ወጣት ሽማግሌዎቹ መሐል ቁጭ ብሎ ዜናውን ወደ ሶማሊኛ እየመለሰ ሲያነብላቸው ሰማ። ወጣቱ የመጀመሪያው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ አለኝ። እንዴት አድርጎ ይመልሰው? በሶማሊኛ ቢለው «እናንተ ገባችሁ» ሊሆንበት ነው።

ርዕሱን ወዲያው ቀየርኩት። ማንንም አላስፈቀድኩም። ግን በፎቶ ቀድተው የወሰዱት ሰዎች ነበሩ፣ እሱን መልሶ መሰብሰብ አይቻልም።

ጠዋት ስብሰባ ላይ ኃላፊው «ሁለት ፊደል ነው፣ ይህን ያህል የሚያጨቃጭቅ አይደለም» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝም እል ነበር። ያን ቀን ተናገርኩ። ምክንያቱም ሁለት ፊደል አይደለም።

የሚመጣበትን አውቀዋለሁ። በ1969 እና በ1970 ሬዲዮ እየሰማ ላደገ ሰው «ሱማሌ» ማለት የዚያድ ባሬ መንግሥት ነው። ታንክ ይዞ ጅጅጋ የገባ ጦር ነው። ቃሉ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አፍ ላይ ቀርቷል። አገሩ ግን ተቀይሯል። አሁን ሶማሌ የሚባል ክልል አለን፣ ምክር ቤት አለው፣ ፖሊስ አለው፣ ሬሳ ይቀብራል። በ1988 አዲስ አበባ ሆቴሎች ውስጥ ቦምብ የፈነዳው አልኢትሃድ በሚባለው የሶማሊያ እስላማዊ ታጣቂ ቡድን ዘመን ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ እዚሁ ከተማ ውስጥ በጥይት የቆሰሉት የትራንስፖርትና መገናኛ ሚኒስትሩ ዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን ደግሞ ኢትዮጵያዊ ሶማሌ ነበሩ። ተኳሾቹ ማንን እየፈለጉ እንደመጡ ያውቁ ነበር። እኛ ነን የምናምታታው።

ጥቅምት 3 ቀን 2006፣ ኢትዮጵያ ከናይጄሪያ በተጫወተችበት ዕለት፣ ቦሌ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች በራሳቸው ቦምብ ሞቱ። የሶማሊያ ዜጎች ነበሩ። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ «ሱማሌዎቹ» ሲባል ሰምቻለሁ። ከፊት ወንበር የተቀመጠች ጥቁር ጅልባብ የለበሰች ልጅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። የጅጅጋ ልጅ ትሁን የሞቃዲሾ ማን ጠየቃት? ያቺን ልጅ እንኳ ሌሊቱን ከስልኩ በኋላ ነው ያስታወስኳት። ርዕሱን ከመለጠፌ በፊት ብትታወሰኝ ኖሮ።

ባልደረባችን በቀጣዮቹ ቀናት ሥራውን አላቋረጠም። ከለቅሶ ቤት እየወጣ ይደውላል። ልዩ ኃይሉ ለምን ማዶ እንደተሻገረ ያስረዳኝ እሱ ነው። «ጎዴ ላይ እንዳይዋጋ ነው ዪድ ላይ የሚዋጋው» አለኝ። ይህ ልዩ ኃይል በቀድሞው የክልሉ አመራር ዘመን በሰብዓዊ መብት ጥሰት ብዙ የተከሰሰ ነው። ባልደረባችን ራሱ ስለዚያ ጽፏል፣ ዋጋም ከፍሎበታል። አሁን ደግሞ ለዚያው ኃይል ሟች ቁርዓን ይቀራል። ሁለቱንም በአንድ ልብ ይዞታል።

ስለ እረኞቹም ነገረኝ። ድንበሩ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወዲህም ወዲያም ያለው አንድ ጎሳ ነው፣ ግጦሹ አንድ፣ ጉድጓዱ አንድ። ያልታወቀ መኪና ሲያልፍ መጀመሪያ የሚያየው ግመል ጠባቂው ነው። የሚደውለውም እሱ ነው። ሠራዊቱ በሰሜኑ ጦርነት ተወጥሮ በነበረበት በዚያ ጊዜ ድንበሩን የያዘው እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ያ ሰው «የሶማሌ ታጣቂዎች ገቡ» የሚል ዜና ሲነበብለት ቀጥሎ ለማን ይደውላል? ኃላፊው ለዚህ መልስ አልሰጠኝም። ስብሰባው ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ።

ውጊያው አፍዴር ዞን ውስጥ፣ ሁልሁል በሚባል ቦታ አካባቢ ቀናት ፈጀ። የክልሉ መንግሥት ከ100 በላይ ታጣቂዎች መገደላቸውን አስታወቀ። እኔም ዜናውን «አልሸባብ» ብዬ ጻፍኩ፣ ማንም አልነካብኝም። ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ሶማሌ፦ ሕዝቡ፣ ክልሉ። ሶማሊያ፦ አገሩ። አልሸባብ፦ አልሸባብ። አራሚዋ ከስሩ በእርሳስ «አቶ፦ ከተማ» ብላ ጨመረችበት።

በዚያው ሳምንት እሑድ እማዬ ጋ ሄድኩ። ቡናው እየተፈላ «ሱማሌ ገባ የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ።

«አልሸባብ ነው እማዬ። ሶማሌዎቹ ናቸው የተዋጉት።»

«ያው አይደል?»

«ያው አይደለም» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየሁ። ታናሽ ወንድሟ ነው፣ በ1970 ጅጅጋ ግንባር የቀረው። ፎቶው ላይ 19 ዓመቱ ነው። ለእሷ «ሱማሌ» የሚለው ቃል እሱን የወሰደባት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት እዚህ ቤት ምን ይሠራል?

ረገብ ብዬ ስለ ባልደረባዬ ነገርኳት። ስለ አክስቱ ልጅ፣ ስለ ለቅሶ ቤቱ፣ ስልክ ይዞ ስለሚያነበው ወጣት። እማዬ ረከቦቱ ላይ ያሉትን ሲኒዎች አንድ በአንድ አስተካከለች። ቡናውን ሳትቀዳ ቆየች።

«የልጁ እናት አለች?» አለችኝ።

«አለች።»

«አማርኛ ትሰማለች?»

«ትንሽ ትሰማለች መሰለኝ።»

«ያነበበላት አለ?»

እንደማላውቅ ነገርኳት። ማክሰኞ ፈረቃ ስገባ ለባልደረባችን ደወልኩና ጠየቅኩት።

«እሷ ነች ስልኩን ያሳየችኝ» አለኝ። «አንብብልኝ ብላ።»